ባሌና ወንድሜ በአንድ ገመድ

ኖርዌጂያኖች ተራራ የሚወጡት ተመልሰው ለመውረድ ብቻ መሆኑን ለማመን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። እኛ አገር ተራራ የሚወጣ ሰው ወይ ገዳም ሊሳለም ነው፣ ወይ ዘመድ ሊጠይቅ ነው፣ ወይ ከብት ጠፍቶበት ነው። እነዚህ ግን ይወጣሉ፣ አንድ ጊዜ ዙሪያቸውን ያያሉ፣ ከዚያ ቁልቁል ይለቁታል። ታች ሲደርሱ ደግሞ ተሰልፈው እንደገና ይወጣሉ። የጠፋባቸው ነገር ምን ይሆን እያልኩ የኖርኩ ሴት ነኝ። መጠየቅ አመሌ ነው፤ እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «እታገኘሁ ቀብር ላይም ብትሄድ ሬሳውን ምን ነካህ ብላ ሳትጠይቅ አትመለስም» ትለኝ ነበር።

ባሌ ብርሃነመስቀል አውቶቡስ ነጂ ነው። በበረዶው ወራት ስኪውን፣ ያንን በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን ረጅም ጣውላ፣ ተሸክሞ የሚሳፈረውን ሕዝብ ሽቅብ ሲያመላልስ ስንት ዘመኑ። «ምን እንደሚያገኙ አንድ ቀን ወርጄ አያለሁ» ይላል፤ አይወርድም። እኔም የሰው ቢሮ ሳጸዳ የከረመ ወገቤን ይዤ በረዶ ላይ ልወድቅ አልሄድኩም። ኦስሎ ሊንደሩድ ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሲቆሙ፣ ከጫካው ጫፍ የአንዲት ትንሽ የበረዶ መንሸራተቻ ቁልቁለት መብራት ይታያል። እሱን እያየን ኖርን።

የሄድነው በልጃችን በሩቲ ምክንያት ነው። ሩቲ እዚሁ ኦስሎ የተወለደች፣ መምህርነት የምትማር፣ ቶየን ሰፈር ከጓደኛዋ ጋር የምትኖር አንዲት ልጃችን ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያች መንሸራተቻ ሕፃናት ስኪ ታስተምራለች። ኪዱ ከሚባል ጨዋ ልጅ ጋር ተጫጭተው፣ ከፋሲካ በኋላ ልንድራት አዳራሹንም ዘፋኙንም ይዘናል። በጥር መጨረሻ ግን መጥታ ወጥ ቤቴ ቆመችና እንዲህ አለችኝ፦

«ማማ፣ ባባና አጎቴ ተኳርፈው የሚቀመጡበት ሠርግ አልፈልግም። ጾሙ ሳይገባ ካልታረቁ፣ ናይ፣ አይሆንም! ከኪዱ ጋር ማዘጋጃ ቤት ሄደን፣ በሁለት ምስክር ፈርመን እንመለሳለን።»

ለማስፈራራት የተናገረችው እንዳይመስላችሁ። ይህች ልጅ ካለች አለች ነው። እልልታ ሳልሰማ፣ ሚዜ ሳላይ፣ ልጄ እንደ ፓስፖርት በመስኮት ተሰጥታ ልትሄድብኝ!

አጎቷ ማለት የእኔ ታላቅ ወንድም መኩሪያ ነው። የባቡሩ መጨረሻ፣ ቬስትሊ ነው የሚኖረው፤ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ይሠራል። እሱና ባሌ በአንድ ሳህን የሚበሉ ሰዎች ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት ወዳጃቸው ኃይለመስቀል ሲሞት ነገር መጣ። ባሌ «አስከሬኑ አገሩ ይግባ» አለ። ወንድሜ «ልጆቹ እዚህ ናቸው፤ ሄደው እንዲያዩት እዚሁ ይቀበር» አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ችግሩም እሱ ነው። ነገር ነገርን እያነሳ ሄዶ፣ እዚያው ለቅሶ ቤት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ መኩሪያ «አንተ ሬሳ እንጂ ሰው አትወድም» አለው። ብርሃነመስቀልም «አንተ እንኳን ሬሳ፣ አገርህንም እዚሁ ትቀብራለህ» ብሎ መለሰለት። ኃይለመስቀል እዚሁ ተቀበረ፤ ጠቡ ግን አልተቀበረም።

ሽማግሌዎች ደጋግመው ተቀመጡ። በወጉማ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ከተበዳዩ እግር ላይ ይወድቃል፤ ተበዳዩም «ተነስ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ያነሳዋል። ግን ድንጋዩን ማን ይሸከም? ባሌ «በዕድሜ እበልጠዋለሁ፤ የሚመጣው ታናሽ ነው» አለ። ወንድሜ «እኔ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነኝ። አማች ይከበራል እንጂ እግር ላይ ይወድቃል እንዴ?» አለ። ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ጠጥተው፣ «እግዜር ያውቃል» ብለው ሄዱ።

እንግዲህ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሩቲ ደወለች። «ባባ፣ ዛሬ የክረምት እረፍት መጀመሪያ ነው፤ መጥተህ ሳስተምር እየኝ። ማማንም አምጣት።» አባቷ ለሽማግሌ እንጂ ለልጁ እምቢ ማለት አያውቅም፤ ተነሳ። ያሰበችውን ነገር ለእኔም አልነገረችኝም። በኋላ ለምን ብዬ ስቆጣ «ማማ፣ አንቺ'ኮ ወሬ አታሳድሪም» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ተራራ ሲሉኝ የጠበቅሁት ሌላ ነበር። ያገኘሁት ወደ ላይ የተነጠፈ አንድ ነጭ ሜዳ ነው። ግራና ቀኙ ጫካ፣ ከታች አንዲት የእንጨት ቤት፣ ቤቷ ፊት እሳት። ቤተሰቡ ሁሉ ምሳውን ከቤት አምጥቶ በእሳቱ ዙሪያ ቋሊማ ይጠብሳል። አያቶች ሕፃን በበረዶ ጋሪ ይጎትታሉ። ሠራተኛ የሚባል እንደሌለ ሳውቅ ገረመኝ። ቫፍል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ የምትጋግረውም፣ ጫማ የሚያከራየውም፣ ሰውን ሽቅብ የሚስበውን ገመድ የምትጠብቀው ቀይ ኮፍያ ያደረገች ሴትዮም የሰፈሩ ወላጆች ናቸው፤ ተራ ገብተው በነጻ ይሠራሉ። ዱግናድ ይሉታል። ደቦ ነው በሉት። «ለምንድነው ርካሽ የሆነው?» ብዬ ስጠይቅ ቫፍል ጋጋሪዋ «የሁላችንም ስለሆነ» አለችኝ። ወደድኳት።

ሩቲ አባቷን ጫማ አስጠልቃ ከስኪው ጋር አያያዘችው። የስኪ ጫማ የሚሉት ነገር ከፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ቁርጭምጭሚት መተጣጠፍ አለበት ብሎ አያምንም። ያ ረጅም ሰውዬ አውቶቡስ ሙሉ ሰው የሚያዝ ሰው መሆኑ ቀርቶ፣ በእኔ ትከሻ ተደግፎ እየተንገዳገደ ሜዳው ላይ ቆመ።

«ባባ፣ የፊቱን ጫፍ አቀራርብ፣ የኋላውን ክፈት። ፕሎግ ነው የሚባለው፣ ማረሻ። እንደዚያ ስታደርግ ትቆማለህ።»

«ቆሜ የለም እንዴ? መሄዱን አሳዪኝ እንጂ።»

እየተከራከሩ ሳለ ጡጦ በአፏ ያለ የሦስት ዓመት ልጅ በአጠገቡ ሽው ብላ አለፈች። ብርሃነመስቀል በዓይኑ ተከተላት። «ይህች የማን ልጅ ናት? ይህን በሆድ ውስጥ ነው የሚማሩት?» አለ። ደስ እንዳለው ከፊቱ አየሁ። ለካ ይህ ሰው በሙሉ ልቡ ሊያውቀው የሚፈልገው ነገር ኖሯል። እኔም እሱን እያየሁ ልቤ ተከፈተ።

ያን ጊዜ ነው መኩሪያ ከእንጨት ቤቷ በኩል የመጣው። አጭር ነው፣ ደልደል ያለ ነው፤ በኪራይ ስኪ ላይ ቆሞ፣ በሁለት ዘንግ እየቀዘፈ። ሩቲ ለገና የሰጠችው ስጦታ የአንድ ቀን ትምህርት ነበር፤ ለዛሬ ቀጥራዋለች። ባሌን ሲያይ ቀጥ አለ። ባሌም አየው። እኔ ሩቲን አየኋት፣ እሷ ሰማይ ታያለች።

ማናቸውም አልሄዱም። ለምን እንደማይሄዱ አበሻ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጥሎ የሄደ ተሸነፈ። ስለዚህ አንዱ በሜዳው በዚህ ጫፍ፣ ሌላው በዚያ ጫፍ፣ ልጄ በመሐል እየተመላለሰች አስተማረቻቸው። እልህ የማያስተምረው ምን አለ? አንዱ ሳይወድቅ አሥር እርምጃ ሲሄድ ሌላው አሥራ አምስት ሄደ። ከምሳ በኋላ ሩቲ «በሉ፣ አሁን ወደ ሄይሱ» አለችና አንዲት ትንሽ ተማሪዋን ይዛ ቀድማ ወጣች።

ሄይስ ማለት ሰውን ሽቅብ የሚጎትተው ነው። ከታች እስከ ላይ የሽቦ ገመድ ተዘርግቷል፤ ከገመዱ ላይ የመርከብ መልህቅ የሚመስል እንጨት በየተራ ይንጠለጠላል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይቆማል፣ መልህቁ ከኋላ ከመቀመጫቸው ሥር ይገባል፣ ገመዱ ይስባቸዋል። መቀመጥ የለም፤ ቆሞ መጎተት ነው። ይህን ሁሉ ከቀይ ኮፍያዋ ሴትዮ ጠይቄ ተረድቻለሁ። እነሱ ግን አልጠየቁም።

ከሰልፉ ፊት ደረሱ። የመጀመሪያው መልህቅ መጣ። እንዴት እንደሚሆን ልብ በሉ፤ ሁለት ዓመት ሰላም ያልተባባሉ ሰዎች ናቸው። ባሌ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና «ይቅደሙ» አለ።

መኩሪያ ራሱን ዝቅ አደረገ። «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።»

መልህቁ ባዶውን አለፈ። «አይሆንም፣ ይቅደሙ እንጂ።» «እርስዎ እያሉ?» ሁለተኛው አለፈ። ሰው ቢጣላም ያሳደጉትን ሊያሳፍር አይችልም፤ ከሰው ቀድሞ በር የሚገባ ልጅ ማንም አልወለደም። ሦስተኛውም ባዶውን ወጣ። ከኋላቸው ያሉት ሕፃናት ጮኹ። ቀይ ኮፍያዋ ትዕግሥቷ አለቀ፤ «ሁለት ሁለት ነው!» ብላ አንዱን በግራ ክንዱ፣ ሌላውን በቀኝ ክንዱ ይዛ ጎን ለጎን አቆመቻቸውና አራተኛውን መልህቅ ከሥራቸው ሸጎጠችው። ሄዱ።

ሳቄ አፈነኝ። ብርሃነመስቀል ረጅም፣ መኩሪያ አጭር፤ መልህቁ አንዱን ከጉልበቱ በላይ፣ ሌላውን ከወገቡ ይዞታል። ፊታቸውን ወደየራሳቸው ጫካ አዙረው ይጎተታሉ። ግማሽ መንገድ ሲደርሱ ባሌ ደከመው መሰለኝ ወንበር ያገኘ ሰው ሆኖ ቁጭ አለ። መልህቁ ወደ ታች ሰመጠ፣ መኩሪያ ተወዛወዘ፣ ሁለቱም ከጥዶቹ ጀርባ ጠፉ። ጥቂት ቆይቶ መልህቁ ብቻውን ወጣ።

ሳቄ ጠፋ። ሴትዮዋ ገመዱን አቁማ፣ በጥዶቹ መሐል በሩቅ ማያ መነጽር አየችና «ከመንገዱ ወጥተዋል፣ ደህና ናቸው» ብላ እንደገና አስነሳችው። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የታየኝ። ባሌና ወንድሜ፣ ጫካ ውስጥ፣ ብቻቸውን፣ በእጃቸው ዘንግ ይዘው! በጫካው ጠርዝ ጠርዝ፣ በረዶው ጉልበቴ እየደረሰ፣ ሽቅብ ተያያዝኩት። «እመብርሃን፣ አደራሽን» እያልኩ። ቢደባደቡ ሠርጉ ቀርቶ ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር።

ስጠጋ ድምፅ የለም። ከአንድ ጥድ ጀርባ ቆሜ አየሁ። ባሌ ስኪው ወልቆ፣ እስከ ጉልበቱ በረዶ ውስጥ ተተክሎ፣ ግንድ ተደግፎ ቆሟል። ከበላዩ መኩሪያ በየቦታው የተበተኑትን ስኪዎች ሲለቅም ቆይቷል፤ የራሱን ሁለት፣ የባሌን ሁለት፣ አራቱንም በማጅራቱ ላይ አጋድሞ ተሸክሞ ወደ እሱ ይወርዳል። አይነጋገሩም። ሊሰጠው ነው የመጣው፣ ሰጥቶት ሊሄድ።

ባሌ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ግራ ጫማው ከዳው። «ወይኔ ጉልበቴ!» አለና በግንባሩ ተደፋ። ሸክሙ በማጅራቱ ላይ እንዳለ፣ ሁለት እጁ የባሌን ጫማ ያዘ።

ብርሃነመስቀል ቁልቁል አየ። በማጅራቱ ሸክም ያለበት ሰው፣ እግሩ ላይ ወድቋል። ከዚያ እንዴት እንዳጎነበሰ አላውቅም፤ ያንን ሁሉ ስኪ ከወንድሜ አንገት ላይ ገፍትሮ፣ በብብቱ ይዞ አነሳው።

«ተነስ! ተነስ፣ በማርያም! ይቅር ለእግዚአብሔር!» እንባው በጉንጩ ይወርዳል።

መኩሪያ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ።

ተቃቀፉ። ተሳሳሙ። አንዱ ስኪ ከእጃቸው አምልጦ ባለቤቱን ሳይጠብቅ ቁልቁል ሄደ። ሩቲ ከላይ መጥታ ያን ጊዜ ደረሰች፤ አባቷንና አጎቷን ተቃቅፈው ስታይ በኖርዌይኛም በአማርኛም እያለቀሰች ተጠመጠመችባቸው። «አየሽ ማማ? አንድ ላይ ሲጎተቱ ይነጋገራሉ ብዬ ነበር!» አለችኝ። ምንም እንዳልተነጋገሩ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ምላሴን ነከስኩ።

ቫፍል ልንገዛ ስንሰለፍ መኩሪያ ጎኔን ነካ አደረገኝ።

«አይተሽኛል አይደል?»

«አይቼሃለሁ፣ ጋሼ።»

«አዳልጦኝ ነው።»

«አውቃለሁ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ወይኔ ጉልበቴ አይልም።»

«አዳልጦኝ ነው ልለው አፌን ስከፍት ያለቅሳል። ለሚያለቅስ ሰው ምን ይባላል? አደራሽን እንዳትነግሪው። ካወቀ እንደ አዲስ ይቀየመኛል።»

ይኸው እንግዲህ። ወሬ የማታሳድር ሴት፣ የልጇ ሠርግ የቆመበትን ምሥጢር ተሸከመች። ነገ ባሌ ቢሰማስ? «አታለለኝ» ቢልስ? ቀኑን ሙሉ ያ «ወይኔ ጉልበቴ» ምላሴ ጫፍ ላይ ዋለ። መኩሪያ ለሁለት ዓመት ያልረገጠውን ቤታችንን ረገጠ፤ ለቅበላ የሠራሁትን ዶሮ አብረው በሉ፤ ሩቲ ለኪዱ ደውላ «ያ፣ ያ! አዎ፣ ታርቀዋል፣ አዳራሹ ይቆይልን» አለች። እኔ ሳቅ ሳቅ እያልኩ ላብ ያጠምቀኛል። ሁለቱ ስለ ፕሎግ ይከራከራሉ፤ ማን የበለጠ ሄደ፣ ማን መልህቁ ላይ ተቀመጠ። ኃይለመስቀልን ማንም አላነሳም።

አመሻሽ ላይ ሩቲ ቶየን ሄደች፤ ባሌም መኩሪያን ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኝቶት ተመለሰ። ያበጠ እግሩን በሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ ተቀመጠ። ፎጣ ይዤ አጠገቡ ቆምኩ። ሰው ነኝ፤ አልቻልኩም።

«ብርሃኔ፣ መኩሪያ እግርህ ላይ ሲወድቅ ምን አሰብክ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንዲያው ነው።»

«አንቺ እንዲያው የምትጠይቂው ነገር የለም። አዳልጦት ነው የወደቀው ልትዪኝ ነው?»

ፎጣው ከእጄ ወደቀ። «ታውቅ ነበር?»

«እታገኝ፣ እኔ'ኮ ፊት ለፊቱ ነው የቆምኩት። እግሩ ሲከዳው አይቻለሁ፤ ጉልበቴን ሲልም ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ተነስ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ያልከው? ያለቀስከው?»

ፎጣውን ከመሬት አንስቶ እግሩን ማደራረቅ ጀመረ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ተሸክሞ እስኪመጣ ጠበቅሁት። ዛሬ ከላይ ሲመጣ አየሁት፤ የራሱን ብቻ አይደለም፣ የእኔንም ተሸክሟል። አደራ፣ ማወቄን እንዳትነግሪው፣ ያፍራል። እሱ የወደቀው አዳልጦት ነው። እኔ ያነሳሁት ግን አዳልጦኝ አይደለም።»